ስልሳ አራተኛው ማንኪያ

ሀረገወይን ቀለም ላይ ክፉ ዓይን አላት። ክፉ ስል ቡዳ ናት ማለቴ አይደለም፤ ይሉኝታ የማያውቅ፣ አይቶ እንዳላየ ማለፍ የማይችል ዓይን ማለቴ ነው። ወደ ቤሩት ከመምጣቷ በፊት ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ክር ትሸጥ ነበር። ሸማኔው ግማሽ የደረሰ ጥበብ ይዞ መጥቶ "ይቺ ክር አለቀችብኝ፣ እሷኑ ስጪኝ" ሲላት፣ ፋብሪካው ያቺን ክር መሥራት ካቆመ ዓመት አልፎትም ቢሆን፣ ከሦስት መደርደሪያ ሦስት ዓይነት ክር አውርዳ፣ አንዱን ከአንዱ ገምዳ፣ "በዚህ ጨርሰው፣ ማንም አይለየውም" ትለዋለች። እውነትም ማንም አይለየውም። አንድ ጊዜ ደግሞ ሰርግ ተጠርታ ሄዳ የሙሽሪት ቀሚስና የነጠላዋ ጥበብ አንድ እንዳልሆነ ድምጿን ሳትቀንስ ተናገረች። የሙሽሪት እናት እስከ ዛሬ ሰላም አይሏትም።

ይህን ሙያ ይዛ ቤሩት ገባች፤ ቤሩትም መጥረጊያ ሰጠቻት። ሰባት ዓመት ሙሉ ያ የተሳለ ዓይን ሥራው የማዳም ጀሚላን ነጭ ልብስ ከማዳም ጀሚላ ሌላ ነጭ ልብስ መለየት ሆነ።

ቤቱ ራስ ቤሩት ነው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ሕንፃ መሃል ቁራጭ ባሕር የሚታይበት በረንዳ ያለው። ማዳም ጀሚላ "ሜርሲ" ሳይሉ አንድ ብርጭቆ ውኃ የማይቀበሉ፣ "ሜርሲ" ካሉ በኋላ ደግሞ አሥር ሥራ የሚያዝዙ ሴት ናቸው። ባላቸው ሚስተር ሰላሁዲን አርባ ዓመት አውሮፕላን ማረፊያ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አውሮፕላኑን አሳንሰው ቤታቸው ይዘውት ገቡ። በሳጥን ተቆራርጦ የሚመጣ፣ በሙጫ የሚገጣጠም፣ በቀለም የሚያልቅ የፕላስቲክ ሞዴል ነው። የልጅ ጨዋታ መስሏችሁ እንዳትስቁ። እዚያ ቤት በዚህ ሥራ የሳቀ እንግዳ ሁለተኛ ፍንጃል አይቀርብለትም።

ከሞዴሎቹ ሁሉ ሚስተር ሰላሁዲን የሚሳሱለት አንድ ባለ ሁለት ሞተር የጭነት አውሮፕላን ነበር። በሃያ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን በዘይት ያራሱበት አውሮፕላን ትንሹ ምስል ነው። ቀለሙ አረንጓዴ እንዳይሉት ግራጫ፣ ግራጫ እንዳይሉት አረንጓዴ፣ የወይራ ቅጠል ገልበጥ ሲል የሚያሳየው ዓይነት ነው፤ ጣሳው ላይ "ሰባ አራት" የሚል ቁጥር አለው። ከስድስት ዓመት በፊት የግራውን ጎን ቀብተው ጅራቱ ጋ ሲደርሱ ጣሳው አለቀ። ጣሳ መቼም ያልቃል፣ ሌላ ይገዛል። ሊገዙ ሲሄዱ ፋብሪካው ሰባ አራትን መሥራት አቁሟል ተባሉ።

ለፋብሪካው ጻፉ። ፋብሪካው በትሕትና "በምትኩ መቶ ስምንትን ይጠቀሙ" አላቸው። መቶ ስምንትን ገዝተው የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ ቀቡና ከክንፉ አጠገብ ያዙት፤ የአተር ሾርባ ሆኖ ተገኘ። ኢንተርኔት ላይ የትኛው ቀለም የትኛውን እንደሚተካ የሚያሳዩ ሠንጠረዦች አሉ። ሦስት ሠንጠረዥ አወረዱ፤ ሦስቱ ሦስት የተለያየ ነገር ነገሯቸው። ከዚያ ወዲያ ራሳቸው መቀላቀል ጀመሩ፤ ስድስት ዓመት ቀላቀሉ። አውሮፕላኑም በግራ ሲያዩት ሊነሳ የተዘጋጀ፣ በቀኝ ሲያዩት ገና ያልተወለደ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ቀረ።

አንድ ቀን ጠዋት ሀረገወይን አቧራ ልትጠርግ ስትገባ ሚስተር ሰላሁዲን አዲስ የተቀባ ማንኪያ ከክንፉ አጠገብ ይዘው ሲያጉረመርሙ አገኘቻቸው። ዝም ብላ ማለፍ ነበረባት። ያ ዓይን ግን መች ዝም ያሰኛል።

"ሚስተር፣ ይሄ ቢጫ ጎድሎታል" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ቢጫ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ትንሽ። ጥቁሩ ደግሞ በዝቷል።"

"ሠንጠረዡ ጥቁር ይጨመር ነው የሚለው።"

"ሠንጠረዡ መቼ አየው?"

ሚስተር ሰላሁዲን ጠብታ ቢጫ ጨመሩ፤ እልህ ይዟቸው እንጂ አምነዋትስ አልነበረም። ቀለሙ አንድ እርምጃ ወደ ክንፉ ተጠጋ። ቀና ብለው አዩአት። ሰባት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረው ልብ ብለው ሲያዩአት ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

ያን ሰሞን ሀረገወይን ሌላ ጉዳይ ልቧን ይዞት ነበር። ጓደኛዋ ሃይሚ፣ እሷም ድሮ የሰው ቤት ሠራተኛ የነበረች፣ ዳኒ የሚባል ሊባኖሳዊ አግብታ መዝረዓ ላይ የሴቶች ጸጉር ቤት ከፍታለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉዳዩን አፍረጥርጣ ነገረቻት።

"ስሚኝ፣ የጸጉር ቀለም ወንበሩን ለአንቺ ነው የያዝኩት። ዳኒ ከፊል፣ ዋስሽ፣ ይሆንሻል፣ በወረቀት አሠሪሽ እሱ ነው። ከላይ ያለችዋ ክፍል የአንቺ ናት፣ ቁልፉ በእጅሽ። ግን ያኒ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የምጠብቅሽ። ከዚያ ኸላስ፣ ሌላ ሰው አስገባለሁ። ታናዙሉን ይዘሽ ነይ።"

ታናዙል አሠሪ በውል አዋዋይ ፊት ቀርቦ "ይህችን ሠራተኛ ለቅቄያለሁ" ብሎ የሚፈርማት ወረቀት ናት። ሀረገወይን ያለ እሷ ከዚያ ቤት ብትወጣ በሕግ ዓይን ጠፍታለች፤ እሷን ይዛ ከወጣች ግን ሥራ ቀየረች ይባላል። ልዩነቱ የአንድ ሰው ፊርማ ነው። ሃይሚ ከተናገረችው ሁሉ ደግሞ "ቁልፉ በእጅሽ" የምትለዋ ሆዷ ገብታ ቁጭ አለች። ሀረገወይን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሰባቱን በራሷ ቁልፍ በር ከፍታ አታውቅም።

ሰኞ ጠዋት ድፍረቷን ሰብስባ ታናዙሉን ጠየቀች። ሚስተር ሰላሁዲን ማንኪያ ይዘው ነበርና ጥሩ ሰዓት ላይ ደረሰች።

"ሀረግ፣ አውሮፕላኔን ለአንጠልያሱ የሞዴሎች ኤግዚቢሽን አድርሽልኝ" አሉ። "ቅዳሜ ኤግዚቢሽኑ ያልቃል፣ ሰኞውን ወላሂ እፈርማለሁ።"

ኤግዚቢሽኑ በወሩ መጨረሻ ሳምንት ነው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ማዳም ጀሚላ ግን ከበሩ ላይ ሆነው "ሌሎቹስ?" አሉ። መደርደሪያው ላይ ሌሎች ሰባት አውሮፕላኖች፣ ሁሉም ቀለማቸው ከገበያ ጠፍቶ በጅምር የቀሩ፣ ተደርድረዋል። ሚስተር ሰላሁዲን ሰባቱን አየት አድርገው ወደ ማንኪያቸው ተመለሱ። ሀረገወይን ያቺን አስተያየት አልወደደቻትም።

ሥራው ተጀመረ፤ የሽሮ ሜዳ ሕግም በራስ ቤሩት ታወጀ። እርጥብ ቀለም አይፈረድበትም፣ ይደርቅ። ሁለት ቀለም ተራርቆ አይወዳደርም፣ ጠርዝ ለጠርዝ ይገናኝ። ዓይን ሲደክም ነጭ ግድግዳ አይቶ ይረፍ። አረንጓዴን ለማደብዘዝ ጥቁር አይጨመርም፣ ጥቁር ሆዳም ነው፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፤ ቀይ በስቴኪኒ ጫፍ ይበቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤት መብራት አይታመንም። የመንግሥት መብራት መጥቶ ይሄዳል፤ የቀረውን ሰዓት የሚያበራው ኢሽቲራክ የሚሉት የሰፈር ጄኔሬተር ነው። የሚስተር ሰላሁዲን የስድስት ዓመት ልፋት ግማሹ የባከነው እዚህ ላይ ነበር። በአምፖሉ ሥር ልክ የመጣ ቀለም በረንዳ ላይ ሲወጣ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ እሳቸው ሞተር እንጂ መብራት ይዋሻል ብለው ጠርጥረው አያውቁም። ሀረገወይን ማንኪያዎቹ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ፣ በረንዳው ላይ፣ በጥላ እንዲታዩ አዘዘች። አዎ፣ አዘዘች። ሚስተር ሰላሁዲንም በአራት ሰዓት ማንኪያቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ይቆሙ ነበር።

ማዳም ጀሚላ በበኩላቸው ለልጅ ልጅ ልደት የገዙት የፕላስቲክ ማንኪያ የት እንደሚሄድ ግራ ገባቸው። እያንዳንዱ ማንኪያ ጀርባው ተቀብቶ፣ እጀታው ላይ ቁጥር ተጽፎበት መስኮቱ ላይ ተሰልፏል።

አርባኛው ማንኪያ ላይ ሚስተር ሰላሁዲን ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አድርገው "ኸላስ፣ ይሄ ነው" አሉ።

ልብ በሉ፤ በዚህች ቀን "አዎ ሚስተር" ብትል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ሰውየው ረክተዋል፣ ቀኑ ገና ነው፣ ፊርማውም ቃል ተገብቷል። ሀረገወይን ማንኪያውን ከክንፉ ጋር አገናኝታ አየችው። ትንሽ ቀዘቀዘ። አንድ ሰው ከሺህ ሰው መሃል የሚያየው ዓይነት መቀዝቀዝ ነው፤ ችግሩ ያ አንድ ሰው እሷ መሆኗ ነው።

"ላ ሚስተር" አለች። "የክንፉ ይሞቃል።"

እሑድ ይህን ለሃይሚ ስትነግራት ሃይሚ ማበጠሪያዋን ጣለች።

"አንቺ ጤነኛ ነሽ? ሰውዬው ይበቃኛል እያለ! የተቀራረበ ሰጥተሽው አትወጪም? ልክ ካመጣሽለት እኮ መቼም አይለቅሽም፣ ሰባቱንም ያሠራሻል!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"አልቻልኩም፣ ሃይሚ። ሳየው ይኮሰኩሰኛል።"

ሃይሚ ማበጠሪያዋን ከወለሉ አንስታ ክርክሩን ተወችው። ይህች ሴት በደንበኛ ጸጉር ላይ የተሳሳተ ቀለም እንደማትቀባ ስለገባት ይመስለኛል፤ ነጋዴ ናት።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ በሁለት ጠብታ ቡናማ ላይ ሆነ። ሚስተር "ፋብሪካው ሰባ አራት ውስጥ ቡናማ የለውም" ይላሉ፤ ሀረገወይን "ክንፉ ላይ ግን አለ" ትላለች። ተጨቃጨቁ፣ ተኮራረፉ፣ ታረቁ። በስልሳ አንደኛው ማንኪያ ላይ ሁለቱም ጠብታዎች ገቡ። በረንዳ ላይ አራት ሰዓት ላይ ማንኪያውን ክንፉ ላይ ሲያስቀምጡት ማንኪያው ጠፋ። ሚስተር ሰላሁዲን ማንኪያውን ሳሙት። ያን ዕለት ከሰዓት የቀኙን ጎን በቀለም መርጫቸው ነፍተው ጨረሱ፤ የስድስት ዓመት ሽባ በሁለቱም እግሩ ቆመ። ሲደርቅ ደስታቸው ገንፍሎ ከመደርደሪያው ሁለተኛውን አውሮፕላን አወረዱ።

"ከዚህ ደግሞ ወደዚህች፣ ሀረግ። ይህችኛዋ ሰማያዊ ናት፣ ለአንቺ ምን አላት።"

ሀረገወይን ሰማያዊዋን አልተቀበለቻቸውም። "ሰኞ..." አለች።

"ሰኞ፣ ሰኞ፣ ኢንሻላህ" አሉ ሚስተር ሰላሁዲን፣ ሰማያዊዋን እያገላበጡ። "ወላሂ" ወደ "ኢንሻላህ" እንደወረደች ልብ ያለች እሷ ብቻ ናት።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ረቡዕ ጠዋት ሀረገወይን ስህተት ሠራች። ሌላ ሰው አይሠራውም ነበር፤ ስህተቱ ቀጥታ ከሙያዋ የመጣ ነው። ሰባት ዓመት ከዚያ ቤት አቧራ የያዘ ነገር በር አልፎ አያውቅም። አውሮፕላኑ በሰው ፊት ሊቀርብ ነው፣ የግራ ጎኑ ደግሞ ስድስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የከረመ ነው፣ እና እሷ እያለች በቆሸሸ ገላ ይሂድ? ለስላሳ ጨርቅ ለብ ባለ ውኃ ነክራ፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ጨምራ፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ከግራው ክንፍ ጀመረች። ጨርቁ ቡናማ ሆነ።

ጨርቁን አየችው። ክንፉን አየችው። የጠረገችበት ቦታ ላይ ቀዝቀዝ ያለ፣ ንጹሕ፣ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ቀለም ቁጭ ብሏል። ከቀኙ ጎን ጋር ስታስተያየው አዲሱ አሮጌ፣ አሮጌው አዲስ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ማዳም ጀሚላ ሳሎን ውስጥ ሲጋራ ከከለከሉ ቆይተዋል። ስለዚህ ሚስተር ሰላሁዲን የሚያጨሱት በዚያች ክፍል፣ በዚያ አውሮፕላን ፊት፣ ስለ ሰባ አራት እየተከዙ ነው። የስድስት ዓመት ጭስ ቀስ እያለ ክንፉ ላይ አርፎ ደርቋል። ሀረገወይን በስልሳ አንድ ማንኪያ አሳድዳ የያዘችው ሰባ አራትን ሳይሆን ሰባ አራትን ከነሲጋራው ነው። ያቺ የተጨቃጨቀችላት ቡናማ የሚስተር ሰላሁዲን የሳንባ ቀለም ነበረች።

ሚስተር ሰላሁዲን ገብተው አዩ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሲጋራ ለኮሱና ጭሱን ወደ ታጠበው ክንፍ እፍ አሉበት።

"ሚስተር፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ወደ ነበረበት እየመለስኩት ነው።"

"ስድስት ዓመት ይፈጃል እኮ።"

"አውቃለሁ" አሉና ሁለተኛ እፍ አሉበት።

ሀረገወይን ፈራች። የፈራችው ለአውሮፕላኑ እንዳይመስላችሁ፤ ለወረቀቷ ነው። መዝረዓ ያለችው ክፍል፣ ቁልፉ፣ ወንበሩ፣ ሁሉም በዚያች ቡናማ ጨርቅ ተጠርገው ሲሄዱ ታያት። ግን ደግሞ ግማሽ የታጠበ ነገር ትቶ መቀመጥ አትችልበትም። ጨርቁን አጥባ መጥታ ግራውን ጎን እስከ ጅራቱ ጨረሰችው። ስትጨርስ ሙሉው ጎን አንድ ዓይነት ሆኖ አበራ፤ እሷም ትክ ብላ አየችው።

"ሚስተር፣ ሲጋራውን ያጥፉ" አለች። "ሰባ አራትን እስካሁን አላየነውም ነበር። ይሄውና። ነገ በአራት ሰዓት በረንዳ ይምጡ።"

ምን መቀነስ እንዳለባት ታውቃለች፤ የታገለችላቸውን ሁለት ጠብታዎች በራሷ እጅ አወጣች። ስልሳ ሁለተኛው ገረጣ። ስልሳ ሦስተኛው ቀረበ። ስልሳ አራተኛው ማንኪያ ሐሙስ ጠዋት ክንፉ ላይ ሲያርፍ ሚስተር ሰላሁዲን በአንድ ጣታቸው የማንኪያውን ጠርዝ ፈልገው ሲያጡት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ ሄደው ነበር። ከሰዓት በኋላ የቀኙን ጎን እንደገና ነፉት።

ቅዳሜ አንጠልያስ በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ስልሳ የሚሆኑ የተከበሩ ሰዎች ትንንሽ ታንክና አውሮፕላን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው እርስ በርስ ይናቃሉ። ሀረገወይን ሣጥኑን በሰርቪስ ታክሲ እንደ ዕንቁላል ታቅፋ አምጥታ፣ አሁን የማዳም ጀሚላን የሳንድዊች ቦርሳ ይዛ ከኋላ ቆማለች። የማኅበሩ ሊቀመንበርና ዋና ዳኛ ዶክተር ሳሌም የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ አውሮፕላንም ሲመረምሩ አፍ እንደሚያስከፍቱ ሆነው ነው የሚያጎነብሱት። ማኅበሩ ሁለት ሽልማት አለው። አንዱ ከፋብሪካው ጣሳ በወጣ ኦሪጅናል ቀለም ለተቀባ ነው። ሌላው የጠፋ ቀለም ቀላቅሎ ላመጣ ሰው ነው፤ ይህኛውን እስካሁን ማንም አልወሰደውም፣ ዶክተር ሳሌም ሁልጊዜ እንከን ያገኛሉና።

ዶክተሩ የግንባር መብራታቸውን አብርተው የጭነት አውሮፕላኑን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ዞሩት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ኮስተር ብሏል።

"ሰላሁዲን፣ ጣሳውን የት ደብቀኸው ነው?"

"ጣሳ የለኝም። ተቀላቅሎ ነው።"

"አይሆንም። ሃያ ዓመት ስዳኝ እንዲህ ያለ ቅልቅል አላየሁም። ሁለቱ ጎኖች አንድ ናቸው። ይሄ የፋብሪካው ሰባ አራት ነው።"

ለቀለም ቀላቃይ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም፤ ምስጋናው የተሰጠው ግን በስድብ መልክ ነው። ሚስተር ሰላሁዲን ቀሉ።

"ተቀላቅሎ ነው አልኩህ!"

"ማን ቀላቀለው?"

ሚስተር ሰላሁዲን አፋቸውን ከፈቱ። "እኔ" ሊሉ ነበር፤ ሀረገወይን ቃሉን ከንፈራቸው ላይ አየችው። ዶክተር ሳሌም ግን ከጠረጴዛው ሥር የቀለም ጠርሙሶች አውጥተው ደረደሩና "እንግዲያው እዚሁ አንድ ጠብታ ቀላቅልልን" አሉ። ሚስተር ሰላሁዲን አፋቸውን ዘጉ። ከዚያ፣ ለዚህስ ልናመሰግናቸው ይገባል፣ ዞር ብለው በጣታቸው አሳዩ።

"እሷ ናት።"

አዳራሹ ሳንድዊች ወደያዘችው ሴት ዞረ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዶክተር ሳሌም አልሳቁም፤ የግንባራቸውን መብራት ሳያጠፉ አዩአት።

"እውነት ከሆነ ሽልማቱ የእሷ ነው" አሉ። "እውነት ከሆነ ደግሞ እኔ ቤት ቀለማቸው የጠፋ ሃያ ሞዴሎች አሉኝ። ሰላሁዲን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ታውሰኛለህ።"

"ፓ ፖሲብል፣ አይቻልም" አሉ ማዳም ጀሚላ ከጎን። "የቤት ሥራ አለባት፣ ዶክተር። የራሳችንም ሰባት አሉ፣ እነሱ ሳያልቁ የትም አትሄድም።"

"በወር ሁለት ቅዳሜስ?"

"እናያለን።"

ሚስተር ሰላሁዲን "ይቻላል" የሚል ፊት አሳዩ። ሦስቱ እንዲህ በእሷ ጉዳይ ሲነጋገሩ ማንም ወደ እሷ አላየም። ሀረገወይን ሰባትና ሃያ ደመረች። ሃያ ሰባት። የአንዱ አውሮፕላን ቀለም አንድ ወር ፈጅቷል። የሽልማቱ ሰርተፊኬት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስሟ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ ይታያታል። በሕይወቷ ስሟ በወረቀት ላይ በደግ ተጽፎ አይታ አታውቅም። ፈለገችው፤ እውነቱን ለመናገር አጥብቃ ፈለገችው።

"ላ፣ ዶክተር" አለች። "ሚስተር እየቀለዱ ነው። ጣሳ ነበር። አልጋ ሥር ሳጸዳ እኔ ነኝ ያገኘሁት። አልቋል።"

የገዛ ልጇን "አላውቀውም" ያለች ያህል አመማት። ሚስተር ሰላሁዲን ደንግጠው አዩአት። ዶክተር ሳሌም ግን ሁለት እጃቸውን አጨበጨቡ።

"አላልኳችሁም! ዓይኔን ማን ያታልለዋል!"

ወዲያው የኦሪጅናሉን ሰርተፊኬት አወጡ፤ ሰላሁዲን የሚለውን ስም ጻፉበት፣ ማኅተም መቱበት። ስልሳ ሰው አጨበጨበ። ሚስተር ሰላሁዲን ሰርተፊኬቱን የተቀበሉት የሐኪም ውጤት እንደሚቀበል ሰው ነው።

በመልስ መንገድ፣ ማዳም ጀሚላ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ሰርተፊኬቱን ፎቶ እያነሱ ለዘመድ አዝማድ ሲልኩ፣ ሚስተር ሰላሁዲን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለምን?" አሏት።

"ሰኞ ብለውኝ ነበር" አለች ሀረገወይን።

ማዳም ጀሚላ ያንኑ ቀን ሰርተፊኬቱን ሳሎን ሰቀሉት። ነገሩ ቀስ ብሎ የገባቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሰባቱን አውሮፕላኖች በቅልቅል ቀብተው ዶክተር ሳሌም ፊት ቢያቀርቡ የመጀመሪያውም ቅልቅል እንደነበር መናዘዝ ሊሆን ነው፤ ሰርተፊኬቱ ደግሞ እስከ ካናዳ ድረስ ለዘመድ ተልኳል። ማዳም ጀሚላ ይህን ሲያወጡ ሲያወርዱ አምሽተው "ሌላ ሠራተኛ እናገኛለን፣ ሜርሲ" አሉ። ሀረገወይን ይህን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ አስባበት ነው ብል እዋሻለሁ። እሷ ያሰበችው ሃያ ሰባትን ብቻ ነበር።

ሰኞ ውል አዋዋዩ ቢሮ ሰልፍ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊው ወረቀቱን እንደ ባቡር እየነዳ አነበበ፤ አሠሪው ለቅቋል፣ ሠራተኛዋ ተቀብላለች፣ ማንም በማንም ላይ ጥያቄ የለውም። መጨረሻው ላይ እንደ ደንቡ ጠየቃት።

"ከዚህ ሰው የሚቀርሽ ነገር አለ?"

"የለም" አለች ሀረገወይን።

"አለ" አሉ ሚስተር ሰላሁዲን።

ጸሐፊው ቀና አለ። "ደመወዝ ነው?"

"አይደለም።"

"ፓስፖርት?"

"ሰጥቻታለሁ።"

"ታዲያ ምንድን ነው፣ ሓጅ?"

ሚስተር ሰላሁዲን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ሰባ አራትን ያገኘችው እሷ ናት" አሉ። "ጣሳ አልነበረም። እኔ ስድስት ዓመት ሞክሬ አልቻልኩም፣ እሷ ቻለች። ይህ ይጻፍልኝ።"

ከኋላ ያለው ሰልፈኛ "ኤጭ" አለ። ጸሐፊው ሰባ አራት ምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ወረቀቱን ገልብጦ በጣቱ ቁልቁል ወረደበትና "ይህ የሚጻፍበት መስመር የለም፣ ሓጅ። ይፈርሙ" አለ።

ፈረሙ። ሀረገወይን ወረቀቷን አጥፋ ጡቷ ሥር አስገብታ ደረጃውን ወረደች፤ መዝረዓ የሚሄድ ሰርቪስ ለመያዝም ተቻኮለች። እንባዋ የመጣው መንገዱን ስትሻገር ነው። አንጠልያስ አዳራሽ ውስጥ በስልሳ ሰው ፊት የካደችውን ሚስተር ሰላሁዲን መለሱላት፤ የተናገሩት የገባት ግን እሷ ብቻ ነበረች፣ እሷ ደግሞ ድሮም ታውቀዋለች።